ለ60 ዕቃ የተከራየ ስቱዲዮ፦ ከሐረር ድሬዳዋ የወረደ አንድ የፎቶ ሥራ ሲመረመር

ሐረር ጀጎል ውስጥ ስፌትና የብር ጌጥ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ ለቴሌግራም ሱቋና ለሚታተም ካታሎግ የ60 ዕቃ ፎቶ ያስፈልጋት ነበር፦ 42 የሐረሪ ስፌት፣ 18 የብር ጌጥ። ፎቶ አንሺ ቀጠረች፤ ድሬዳዋ ከዚራ የሚገኝ ስቱዲዮም ከነመብራቱ ለ4 ሰዓት ተከራየች፤ የኪራዩን ግማሽ በቀብድ ላከች። ሥራው በ4 ሰዓት አላለቀም። ስቱዲዮው ውስጥ 6 ሰዓት ተኩል ተቆይቶ 42ቱም ስፌት ተነሣ፤ ከጌጡ ግን 3 ብቻ። የቀሩት 15 ጌጦች በማግስቱ ሐረር ላይ፣ አንድ ክፍል ውስጥ መስኮት አጠገብ ተነሡ። ካታሎጉ ሲሰናዳ ከጌጦቹ ሁሉ ምርጥ ሆነው የተገኙት እነዚህ ናቸው።

ለምን እንዲህ ሆነ? «መብራቱ ደካማ ነበር» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን አልነበረም። ሁለቱ የሠሩት ፍላሾች እያንዳንዳቸው 400 ዋት ሰከንድ ናቸው፤ ለዕቃ ፎቶ ይተርፋሉ። ጊዜው የባከነው ማንም ባልጠየቀባቸው ትናንሽ ነገሮችና አስቀድሞ ባልተሠራ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ

ስፌት አንዱ ብቻውን ለማንሣት 4 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፦ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ መሃል ማስቀመጥ፣ ክዳን ካለው ቀጥ ማድረግ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ማንሣት፣ ስክሪን ላይ አጉልቶ ማየት። የብር ጌጥ ግን 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል። 42 በ4 ሲባዛ 168 ደቂቃ፣ 18 በ10 ሲባዛ 180 ደቂቃ፤ ድምሩ 348። መጀመሪያ መብራት ለመትከል 45 ደቂቃ፣ ከስፌት ወደ ጌጥ ሲዞር መብራቱን ለመቀየር 40 ደቂቃ ይጨመር፤ 433 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ከ7 ሰዓት በላይ ነው፤ ያውም አንድም ነገር ሳይበላሽ። የ4 ሰዓቱ ውል ገና ከስልኩ ንግግር ጀምሮ የማይሆን ነበር። ስቱዲዮ የሚያከራይ ሰው ይህን ሒሳብ አይሠራም፤ ስንት ዕቃ እንደሚነሣ አያውቅምና። መሥራት የነበረበት ፎቶ አንሺው ነው።

«ሁሉም አለ አቦ»

በስልክ የተጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ፍላሽ ስንት አለ፣ ሶፍትቦክስ (የፍላሹን ብርሃን የሚያለዝብ ባለ ጨርቅ ሣጥን) አለ ወይ፣ ነጭ ጀርባ አለ ወይ። ባለ ስቱዲዮው «ሁሉም አለ አቦ፣ ኑ ብቻ» አለ፤ አልዋሸም። ሦስት ፍላሽ፣ ሁለት ሶፍትቦክስ፣ አንድ ጥቅል ነጭ ወረቀት ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ነገር ግን ስቱዲዮው የሚሠራው ሙሽራ፣ ተመራቂና የልደት ሕፃን ነው። ለዚያ ሥራ የሚበቃው ለስፌትና ለብር ላይበቃ ይችላል።

ቦታው ላይ የተገኘው እንዲህ ነው። ከሦስቱ ፍላሾች አንደኛው ይበራል እንጂ ቻርጅ አይሞላም። ከሶፍትቦክሶቹ ትልቁ የውስጠኛው ነጭ ጨርቁ ተቀዶ ብርሃኑ መሃል ላይ ያፈጣል፤ ትንሹ 60 በ90 ሳንቲሜትር ደህና ነው። ጥቅሉ ባለ 1.35 ሜትር ስፋት ነው። ለዕቃ ይበቃል፤ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሜትሮች ላይ የጫማ ተረከዝ ዱካ ሞልቶበታል። ግድግዳው ቀለል ያለ ሮዝ ተቀብቷል። ፎቶ አንሺው የጀርባው ወረቀት ከቆሸሸው ጫፍ በምላጭ እንዲቆረጥ ጠየቀ፤ ባለ ስቱዲዮው ፈቀደ፣ የተቆረጠው ዋጋ ግን ኪራዩ ላይ ተጨመረ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ወረቀት አላቂ ዕቃ ነው፣ በማን ሒሳብ እንደሚያልቅ አስቀድሞ መነገር አለበት።

ሮዙ ግድግዳ ቀላል ነገር ይመስላል። ሆኖም ፍላሹ ግድግዳውን መትቶ የሚመለሰው ብርሃን ቀለም ይዞ ይመለሳል፤ የስፌቱ ነጭ ክር በጥላው በኩል ሮዝ ይሆናል። ይህን ዋይት ባላንስ (የካሜራው የቀለም ማስተካከያ) አያስተካክለውም፤ በአንዱ ጎን ያለው ብርሃን ንጹሕ፣ በሌላው ጎን ያለው የተቀየጠ ነውና። መፍትሔው ከዕቃው በሁለቱም ወገን ግድግዳውን የሚጋርድ ነገር መትከል ነው፦ በአንዱ ነጭ ፎም ቦርድ፣ በሌላው ጥቁር ጨርቅ።

80 ደቂቃ፣ ዜሮ ፎቶ

ኪራዩ የሚጀምረው ከጠዋቱ 2:30 ነበር። ስቱዲዮው እንደ አብዛኛው የድሬዳዋ ሱቅ ለቀኑ ሙቀት 6:30 ላይ ይዘጋል። መጀመሪያው ጥሩ ፎቶ የተነሣው 3:50 ላይ ነው።

አንደኛው እንቅፋት ትሪገሩ ነው። ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፍላሹን በሬዲዮ የሚጠራው ትንሹ ዕቃ በካሜራ ዓይነት ይለያያል፤ ለምሳሌ ጎዶክስ ለካኖን፣ ለኒኮን፣ ለሶኒ፣ ለፉጂ እያለ ለየብቻ ይሠራዋል። የስቱዲዮው ለካኖን የተሠራ ነው፤ የፎቶ አንሺው ካሜራ ሶኒ ነው። ተሰካ፣ ተጫኑት፣ ፍላሹ ዝም። የሶኒ ትሪገር ያለው ሌላ ባለሙያ ተፈልጎ በባጃጅ እስኪመጣ 35 ደቂቃ አለፈ።

ትሪገሩ መጥቶም ፍላሹ አልበራም። አሁን ጥርጣሬው ወደ ፍላሹ ዞረ፣ ገመድ ተቀየረ፣ ሶኬት ተቀየረ። ጥፋቱ ካሜራው ውስጥ ነበር። ፎቶ አንሺው ለሥነ ሥርዓት ሥራ ድምፅ አልባውን ሻተር (ካሜራው ያለ ድምፅ የሚያነሣበትን መቼት) ከፍቶ ነበር፤ በዚህ ካሜራ ድምፅ አልባው ሻተር ሲከፈት ፍላሽ አይተኩስም። ያ ሲዘጋ ፍላሹ በራ፤ ግን የፎቶው አንድ ጠርዝ ጥቁር ሆኖ ወጣ። የሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ፣ ፍጥነት 1/400 ሰከንድ ላይ ነበር። መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሚቆይበት ፈጣኑ ፍጥነት በአብዛኛው ካሜራ 1/200 ወይም 1/250 ነው፤ ከዚያ በላይ ሲኬድ ፍላሹ በሚበራበት ቅጽበት መጋረጃው የፎቶውን አንድ ክፍል ሸፍኖ ይገኛል። ሬዲዮ ትሪገሮች ትንሽ ስለሚዘገዩ 1/160 ላይ መሥራት ይሻላል። ፍጥነቱ ወደ 1/160 ሲወርድ ጥቁሩ ጠፋ።

ትሪገሩ እስኪመጣ መጠበቅ ግዴታ አልነበረም። የስቱዲዮ ፍላሾች የሌላ ፍላሽ ብርሃን አይተው የሚተኩሱበት ዓይን አላቸው። ፎቶ አንሺው ቦርሳው ውስጥ ትንሽ የካሜራ ፍላሽ ነበረው፤ ድምፅ አልባውን ሻተር ዘግቶ፣ ይህን ካሜራው ላይ ሰክቶ በማንዋል 1/128 ኃይል ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ ጣሪያው ቢያዞር ትልልቆቹ ይከተሉት ነበር። ማንዋል መሆኑ ወሳኝ ነው። በአውቶማቲክ መለኪያ ላይ ከሆነ ትንሹ ፍላሽ ከዋናው በፊት የመለኪያ ብልጭታ ይልካል፤ ትልልቆቹ ያንን አይተው አስቀድመው ይተኩሳሉ፣ ሻተሩ ሲከፈት ባዶ ናቸው፤ ፎቶው ይጨልማል። ብዙ ሰው «የፍላሹ ዓይን ተበላሽቷል» የሚለው በዚህ ነው።

በዚህ ክፍል አንድ በደንብ የተሠራ ነገር አለ። መብራቱ ከተተከለ በኋላ ፎቶ አንሺው ፍላሾቹን አጥፍቶ በዚያው መቼት፣ 1/160፣ ኤፍ 11 (የሌንሱ ቀዳዳ ጥበት)፣ አይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ አንድ ፎቶ አነሣ። ፎቶው ፍጹም ጥቁር መሆን ነበረበት፤ በቀኝ በኩል ግን ደብዛዛ ቢጫ ታየ። ከበሩ በላይ ያለው መብራት አልጠፋም ነበር። ጠፋ፣ እንደገና ተነሣ፣ ጠቆረ። ይህ ፍተሻ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ በኋላ በኮምፒውተር የማይቃና የቀለም ቅይጥን ከሥሩ ይነቅላል።

ስፌቱ

የሐረሪ ስፌት ውበቱ ጥልፉ ላይ ነው። ክብ ክብ ሆኖ የተጠመጠመው ሣር እያንዳንዱ ረድፍ ጉብታ አለው፤ ብርሃን ከፊት ለፊት ሲመታው ጉብታው ይጠፋና የታተመ ሥዕል ይመስላል። ስለዚህ ሶፍትቦክሱ ከስፌቱ በስተግራ 90 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ተተከለ፤ ከጠረጴዛው ከፍታ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ገጹን አግድም እንዲጠርገው። በቀኝ በኩል ነጩ ፎም ቦርድ በ60 ሳንቲሜትር ቆመ፤ ጥላው እንዳይጠቁር። ፍላሹ 1/8 ኃይል ላይ ነበር። ሁለተኛው ፍላሽ፣ ያለ ሶፍትቦክስ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ ነጩን ወረቀት ብቻ መታ፤ ነጭ ወረቀት ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ የሚወጣው ከዕቃው አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም እጥፍ፣ የበለጠ ብርሃን ሲያገኝ ነው፤ አለበለዚያ ግራጫ ይሆናል። ከዚያ በላይ ቢበዛ ደግሞ ብርሃኑ ተመልሶ የስፌቱን ጠርዝ ይበላዋል።

ቀዩ ቀለም ሌላ ጣጣ ነው። ሐረር ውስጥ ቀይ የበዛበት ስፌት ብዙ ነው፤ ካሜራው የሚያሳየው ጠቅላላ ሂስቶግራም (የብርሃን መጠን ግራፍ) ደህና ሆኖ ሳለ የቀዩ መስመር ብቻውን ቀኙን ግድግዳ ሊመታ ይችላል። ያ ሲሆን የቀይ ረድፎች እርስ በርስ ይዋሃዳሉ፤ ጥልፉ ይጠፋል። በሦስቱ ቀለም የተከፈለውን ሂስቶግራም ማየትና ፍላሹን ከግማሽ ስቶፕ ያነሰ ዝቅ ማድረግ በቂ ሆኗል። መብራቱ በተነካ ቁጥር ግራጫ ካርድ (በኋላ ቀለም የሚስተካከልበት መለኪያ) ይዞ አንድ ፎቶ ማንሣትም አይቀርም፤ ገዢ በፎቶ ያየው ቀይ እጁ ሲገባ ብርቱካን ከሆነ ዕቃው ይመለሳል።

ስለ ጭነቱ አጭር ነገር። 55 ኪሎ ሜትር ያህል በደንገጎ ቁልቁለት የሚወርድ መንገድ ነው፤ ስፌቶቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብተው ታስረው ነበር። በመካከላቸው ጨርቅ ያልገባባቸው አራቱ ጠርዛቸው ተጫጭኖ ደረሰ፤ በእጅ እስኪቃኑ ጊዜ በላ።

ኤሌክትሪኩ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከሐረር ወደ 700 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቱ ሌላ ነው። አየር ማቀዝቀዣው ሲነሣ የክፍሉ አምፖሎች ደብዘዝ ይላሉ፤ ሁለቱ ፍላሾችም ማቀዝቀዣው ባለበት መስመር ላይ በአንድ ቀጭን ማከፋፈያ ተሰክተዋል። ቮልቴጁ ሲወርድ ፍላሹ ቻርጅ ለመሙላት ከአንድ ሰከንድ ወደ ሦስትና አራት ሰከንድ ዘገየ። ፎቶ አንሺው በለመደው ፍጥነት ሲጫን ግማሹ ፎቶ ደመቅ፣ ግማሹ ደብዘዝ እያለ ወጣ። የተደረገው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ፍላሽ በየራሱ የግድግዳ ሶኬት ተሰካ፣ ቻርጅ ሲሞላ የሚጮኸው ድምፅ ተከፈተ፣ ሳይጮኽ አልተነሣም። ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ለማየት ፍላሾቹ ላይ የሚበሩት የማሳያ አምፖሎችም እንዲጠፉ ተደረገ፤ እያንዳንዳቸው 150 ዋት ሙቀት ሶፍትቦክሱ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ፍላሽ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ይቆማል። ቬንትሌተር መጠቀም ተሞክሮ ወረቀቱን ስላርገበገበው ቀረ።

11 ስፌት ከተነሣ በኋላ፣ 4:45 ላይ፣ መብራት ጠፋ። ባለ ስቱዲዮው ትንሿን የቤንዚን ጄኔሬተር ሊያስነሣ ተነሣ። ፎቶ አንሺው ፍላሾቹን በጄኔሬተሩ ላይ አልሰካም አለ፤ ልክ ነበር። የስቱዲዮ ፍላሽ ቻርጅ ሲሞላ ኤሌክትሪክ የሚስበው በትልቅ ግፊት ነው፤ ኢንቨርተር (ቮልቴጁን የሚያረጋጋ ክፍል) የሌለው ትንሽ ጄኔሬተር በእያንዳንዱ ግፊት ይንበረከካል፤ ግፊቱ ሲያልቅ ደግሞ ቮልቴጁ ይዘላል። በእንዲህ ያለ ጄኔሬተር የሚቻለው ላፕቶፕ ቻርጅ ማድረግ ብቻ ነው። ፍላሹ ባትሪ የተገጠመለት ዓይነት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ አይነሣም ነበር፤ በእኛ ከተሞች ኪራይ ላይ ባትሪ ያለው ፍላሽ ጥቂት ተጨማሪ ክፍያ ቢያስወጣም የሚያዋጣ ነው።

የዚያ ሰዓት ብልሃት ግን ሊጻፍለት ይገባል። ስፌት አይንቀሳቀስም። ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ተገፋ፣ መስኮቱ ላይ አቡጀዲ ተወጠረ፣ ካሜራው ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ ሆኖ በሁለት ሰከንድ መዘግየት፣ በኤፍ 11 እና በአይኤስኦ 100፣ ሻተሩ 1/4 ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተሠራ። የመስኮት ብርሃን ከፍላሹ ጋር በመልክ ስለሚለያይ ዋናዎቹ ፎቶዎች አልተነሡበትም፤ በምትኩ 14 የቅርብ ዝርዝር ፎቶ ተነሣ፦ የክዳን እጀታ፣ የዛጎል ጌጥ፣ የጠርዝ ጥልፍ። አቡጀዲ ትንሽ ቢጫ ስለሚያደርግ ግራጫ ካርዱ እንደገና ተነሣ። 5:50 መብራት መጣ፤ እስከ 6:30 ሌላ 10 ስፌት። ጠዋቱ 21 ላይ ቆመ።

የክፍያው ክርክር

ባለ ስቱዲዮው 4 ሰዓቱ አለቀ አለ። ነጋዴዋ መብራት የጠፋበትን ልከፍል አይገባም አለች። ትሪገሩስ? እርሱ «የመጣችሁበት ካሜራ የእናንተ ነው» አለ፤ እርሷ «ሁሉም አለ ብለኸኛል፣ ወንድሜ» አለች። የተጻፈ ነገር ስላልነበረ ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ስምምነቱ፦ ከሰዓት ከ10:00 እስከ 12:30 ተጨማሪ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሰጣል፤ መብራት የጠፋበት አንድ ሰዓት ከሒሳቡ ይቀነሳል፤ የትሪገሩ መዘግየት በተከራይ ላይ ይቆያል። በጥቅሉ የ5 ሰዓት ተኩል ተከፈለ። በዚህ ላይ ከሐረር ያመጣቻቸውና ስትጠብቅ የዋለችው መኪና የቀን ኪራይና የቆረጡት ወረቀት አለ።

ከሰዓት በኋላ የቀሩት 21 ስፌቶች በ84 ደቂቃ ተነሡ፤ መቼቱ ጠዋት ስለተጻፈና የስታንዱ እግሮች ያረፉበት ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ስለተደረገበት ምንም አልተፈለገም።

ብሩ

ብር ብርሃንን አይቀበልም፤ ዙሪያውን ያለውን ነገር ይመልሳል። አምባር ፎቶ ሲነሣ የሚታየው ሶፍትቦክሱ፣ ሮዙ ግድግዳ፣ የፎቶ አንሺው ጥቁር ልብስ ነው። ባለ 60 በ90 ሶፍትቦክስ ጠምዛዛ ብር ላይ ትንሽ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ያለው ሁሉ ጥቁር። ስለዚህ ዕቃው በነጭ ነገር መከበብ አለበት፦ በሦስት ወገንና ከላይ አሳላፊ የንድፍ ወረቀት፣ ብርሃኑ ከውጭ፣ ሌንሱ በቀዳዳ። ግን ሁሉም ነጭ ከሆነ ብሩ ግራጫ ላስቲክ ይመስላል፤ ጠርዙ ከጀርባው አይለይም። ሁለት ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው የጥቁር ካርቶን ቁራጮች ከካሜራው እይታ ትንሽ ወጣ ብለው በግራና በቀኝ ሲቆሙ ብሩ ያን ጥቁር መልሶ የራሱን መስመር ያገኛል። እነሱን ግማሽ ሳንቲሜትር እያንቀሳቀሱ ማየት ነው 10 ደቂቃውን የሚበላው። ቀለበት በትንሽ የለሰለሰ ሰም ይቆማል፤ የጥጥ ጓንት ግድ ነው። የትኩረቱ ጥልቀት በዚህ ቅርበት ጥቂት ሚሊሜትር ስለሆነ በኤፍ 16 መሥራት ወይም ትኩረቱን እያዘዋወሩ አምስት ፎቶ አንሥቶ ማዋሐድ ያስፈልጋል፤ ከኤፍ 16 ማጥበቡ ፎቶውን መልሶ ያደበዝዘዋል።

ድሬዳዋ ላይ ይህን መብራት ለመትከል 30 ደቂቃ ሄዶ፣ በቀሩት 36 ደቂቃዎች 3 ጌጥ ብቻ ተነሣ፤ ሦስቱም ላይ የሮዝ ቅሪት አለ። ሐረር ላይ በማግስቱ አንድ ነጭ የተቀባ ክፍል፣ ሰፊ መስኮት፣ አቡጀዲ፣ ሦስት የንድፍ ወረቀት፣ የካርቶን ቁራጭና ትራይፖድ በቂ ሆኑ። ሻተሩ ከ1/4 እስከ 1 ሰከንድ ሄደ፤ ሰዓት የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ጌጡ ቀድሞውንም ስቱዲዮ አያስፈልገውም ነበር። ለስቱዲዮ የሚገባው ሥራ ብዙ ዕቃ በአንድ ወጥ ብርሃን የሚነሣበት ነው፤ 42ቱ ስፌት ብቻ ቢሄዱ ኪራዩ ከምሳ በፊት በሚያልቅ ሥራ ላይ ይውል ነበር።

ነጋዴዋ ለሁለተኛው ዙር 35 ስፌት ለዚያው ባለ ስቱዲዮ በቴሌግራም የላከችው መልእክት ይህ ነው፤ እርሱም «ተስማምቻለሁ» ብሎ መለሰበት፦

«ወንድሜ ሰላም ዋልክ። ለ35 ስፌት 4 ሰዓት፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30። የሚሠሩ ሁለት ፍላሾች፣ 60 በ90ው ሶፍትቦክስ፣ ሁለት ስታንድ ከአሸዋ ከረጢት ጋር፣ የሶኒ ትሪገር ካንተ፣ ካልተገኘ ዛሬ ንገረኝ እኛ እናመጣለን። ወረቀት የቆረጥነውን በሜትር እንከፍላለን። ዋዜማውን በ10 ሰዓት ፎቶ አንሺው ካሜራውን ይዞ ለ15 ደቂቃ መጥቶ ሁለቱንም ፍላሾች ይሞክራል፤ ከሠራ ቀብዱን እዚያው ይሰጥሃል። መብራት ከጠፋ የጠፋበት ደቂቃ አይቆጠርም፤ ከ30 ደቂቃ ካለፈ ከ10 ሰዓት በኋላ እንጨርሳለን። ሰዓቱ የሚቆጠረው በሩ ተከፍቶ ኤሌክትሪክ ካለበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ቢበላሽ በእኛ እጅ የተበላሸውን እኛ፣ ቀድሞ የተበላሸውን አንተ፤ ስንገባ አብረን ፎቶ እናነሣቸዋለን።»